የ8 ዓመቱ ልጄ ካነበብኩለት በኋላ «አላስታውስም» ነው የሚለኝ፣ ናሬሽን እንዴት ላስለምደው?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት

ሰላም እህቶችና ወንድሞች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልጆቻችንን ቤት ማስተማር ከጀመርን አምስተኛ ወራችን ነው፣ የያዝነው የሻርሎት ሜሰንን መንገድ ነው። ለማያውቃት፣ ከ1842 እስከ 1923 የኖረች እንግሊዛዊት አስተማሪ ናት፣ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ሙሉ ሰው ነው፣ አእምሮው የሚያድገው ደግሞ በሕያው ሐሳብ ነው እንጂ ተፈጭቶ በቀረበ ማጠቃለያ አይደለም ትላለች። እኔ ይሄን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው፣ ለልጆቼ የምፈልገው እንደዚህ ነው አልኩ። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው፣ እስከ አምና ትምህርት ቤት ነበር፣ ሴቷ 6 ሞላት፣ ትንሹ ገና 2 ነው።

ችግሬ ናሬሽን ላይ ነው፣ ያው የተነበበለትን ልጁ በራሱ አፍ መልሶ እንዲተርክ ማድረግ ማለት ነው። ትልቁን አንብቤለት ስጨርስ «እስቲ አሁን አንተ ንገረኝ» ስለው መልሱ «አላስታውስም» ነው። ትናንት የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ አነበብኩለት፣ ስንት ጊዜ የሰማው ታሪክ፣ «ገደለው» ብሎ ዝም። በቃ። እኔም ቸኮልኩና ጥያቄ ደረደርኩበት፣ ስንት ድንጋይ መረጠ፣ ከየት አነሳቸው፣ ጎልያድ ምን አለው፣ ልጁ ማልቀስ ጀመረ እኔም አብሬው አለቀስኩ። እህቱ ደግሞ ከጎን ሆና ሳትጠየቅ ሁሉንም ትለዋለች፣ እሱ የባሰ ይኮማተራል።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ወርክሺት (መልመጃ ወረቀት) የለ ፈተና የለ መማራቸውን በምን እናውቃለን ይለኛል፣ መልስ አጣሁለት። ሦስተኛ ደግሞ አንዲት የማከብራት እህት ይቺ ሴትዮ ልጅ ጥሩም መጥፎም ሆኖ አይወለድም ብላለች፣ ይሄ እኮ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይጋጫል ብላኝ ሰላሜን አጣሁ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ የአምስት ልጆች እናት

እህቴ አይዞሽ፣ ይሄን መንገድ የሞከርን ሁላችንም በዚሁ አልፈናል። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው የምታነቢለት?

የሦስት ልጆች እናት፦ ምዕራፉ እስኪያልቅ ነው፣ 35 ደቂቃ፣ አንዳንዴ 40 ይሆናል። ያልገባው ከመሰለኝ መልሼ አነብለታለሁ።

የአምስት ልጆች እናት፦ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም እንግዲህ። በሻርሎት ሜሰን አሠራር እኮ ለትንንሾቹ አንድ ትምህርት ከ20 ደቂቃ አያልፍም፣ እሱም ማንበቡም መተረኩም ተደምሮ ነው። ናሬሽን ላልለመደ ልጅ ከአንድ አንቀጽ ጀምሪ፣ እውነቴን ነው፣ አንድ አንቀጽ። 40 ደቂቃ ሰምቶ ተርክ ቢሉኝ እኔም «ገደለው» ነው የምለው።

መልሰሽ ማንበቡን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። አንዴ ብቻ ነው የሚነበበው፣ ይሄ ለጭካኔ አይደለም፣ ልጁ እናቴ ትደግመዋለች ብሎ ካወቀ ጆሮው አይነቃም፣ አንዴ ብቻ እንደሆነ ሲያውቅ ግን ትኩረቱን ራሱ ይሰበስባል። ሳትጀምሪ «ሳነብ ስማኝ፣ ስጨርስ አንተ ትነግረኛለህ» በይው፣ የሚከብድ ስም ካለ አስቀድመሽ ጻፊለትና ይየው፣ ከዚያ አንብቢ፣ መጽሐፉን ዝጊ፣ ዝም በይ። ዝም ማለቱ ነው ለእኛ ለእናቶች የሚከብደው። ልጁ ሲያስብ ያለውን ዝምታ አንችለውምና ዘለን ጥያቄ እንጠይቃለን፣ ያን ጊዜ እሱ የራሱን ማሰብ ትቶ እኛ የምንፈልገውን መልስ ማደን ይጀምራል። ያንቺ ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስለመጣ ጥያቄ ሲሰማ ትክክል ወይ ስህተት የሚባልበት ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው ልጄ ልክ እንደዚህ ነበር። አንድ ቀን የዘኬዎስን ታሪክ ሾላው ላይ እስኪወጣ ድረስ ብቻ አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁና ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ረጅም ዝምታ ነበር፣ ጸጉሩን ሲያሽከረክር ቆየና «ሰዎቹ ጋረዱት፣ አጭር ስለሆነ፣ ሮጦ ቀደማቸው፣ ከዛ ወጣ... እማዬ ሲወጣ እጁ አልተላጠም?» አለኝ። እጁ መላጡን መጽሐፉ አይናገርም ግን ልጁ ዛፉ ላይ ነበር ገባሽ? የምንፈልገው ይሄንን ነው። ዘኬዎስ ሀብታም መሆኑን ረስቶታል፣ አላረምኩትም፣ በማግስቱ ቀጣዩን ስናነብ ራሱ አገኘው።

ሌላ፣ ሁለቱን ለየብቻ አስተርኪያቸው። ወይ መጀመሪያ እሱ ይናገር፣ እሷ የቀረውን ትጨምር። 6 ዓመት ገና መጀመሪያው ነው፣ ከ6 በታች ላለ ልጅ ናሬሽን አይጠየቅም፣ በራሱ ካወራ ደስ ይላል። መናገር እንቢ ካለ ደግሞ ይሳል፣ በመጫወቻዎቹ ይስራው፣ ስዕሉን እያሳየሽ «ይሄ ምንድነው» ስትይው አፉ ይፈታል። በጽሑፍ መተረክ ገና ነው፣ ወደ 10 ዓመቱ ሲጠጋ ትደርሺበታለሽ።

መልስ፦ ቤት የሚያስተምር አባት

ለባለቤትሽ ልመልስ፣ ምክንያቱም እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት ይሄንኑ ጥያቄ ለሚስቴ ጠይቄያለሁ፣ ጥያቄው ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ሻርሎት ሜሰን ፈተና ነበራት። አምብልሳይድ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ሆና ለየቤተሰቡ የተርም (የአንድ የትምህርት ወቅት) ፕሮግራም በፖስታ ትልክ ነበር፣ እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ባሕር ማዶ ላሉ ቤተሰቦችም ጭምር፣ በተርሙ መጨረሻ የፈተና ጥያቄ ይሄድላቸዋል፣ መጻፍ የማይችሉት ትንንሾቹ በቃል ሲመልሱ ወላጅ እንዳሉት ይጽፍና መልሶ ይልካል። ጥያቄዎቹ ምረጥ ወይም እውነት ሐሰት አይነት አልነበሩም፣ ስለ እገሌ ንገረን፣ ያየኸውን ወፍ ግለጽ፣ እንዲህ ነው። ለፈተናው ጥናት የለም፣ ልጁ ውስጥ የቀረውን ማየት ነው።

እኛ ቤት ይሄንን አደረግን። በየሦስት ወሩ አንድ ሳምንት ፈተና ብለን ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከታሪክ፣ ከተፈጥሮ ጥቂት ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ በስልኬ እቀዳዋለሁ፣ ሚስቴ ትጽፈዋለች። የመጀመሪያውን ተርም ቅጂ ከአራተኛው ጋር አስተያይቼ ስሰማው፣ በፊት «እና ከዛ፣ እና ከዛ» ሲል የነበረው ልጅ «ንጉሡ ፈርቶ ነበር፣ ስለዚህ...» እያለ ምክንያት ሲያስቀምጥ ሰማሁት። እኔን ያሳመነኝ ያ ነው። ባለቤትሽ ራሱ ፈታኙ ይሁን፣ ቁጭ ብሎ ይስማ።

ሂሳብን ግን በናሬሽን አታስኪዱት፣ እሱ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ በእጅ በሚያዝ ነገር፣ በቁልፍም በጠጠርም፣ ቀጥሎ በቃል፣ ቁጥሩን መጻፍ በኋላ። እዚህ ላይ መልመጃ ወረቀት ብትጠቀሙ ምንም ጥፋት የለውም።

መልስ፦ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ

ስለ ሦስተኛው ጥያቄሽ ትንሽ ልበል። እህትሽ የጠቀሰችው ትክክል ነው፣ የሻርሎት ሜሰን ሁለተኛው መርሕ ልጆች ጥሩም መጥፎም ሆነው አይወለዱም፣ የበጎም የክፉም ዕድል ይዘው ነው የሚወለዱት ይላል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ደንግጬ ነበር። ግን አውዱን እይው፣ በዚያ ዘመን የድሃ ልጅ ወይም የሰካራም ልጅ በደሙ ክፉ ነው፣ ቢማርም አይለወጥም የሚል አመለካከት ነበር፣ ማንም ልጅ ተስፋ አይቆረጥበትም ለማለት እንደሆነ ነው እኔ የተረዳሁት። ስለ ሰው የኃጢአት ባሕርይ የነገረ መለኮት ትምህርት እየጻፈች አልነበረም፣ እሷ ራሷ የአንግሊካን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) አማኝ ነበረች። ዓረፍተ ነገሩን ግን እኔ ብሆን እንደዚያ አልጽፈውም ነበር፣ ይሄንን በግልጽ እናገራለሁ። ዘዴውን ለመጠቀም እያንዳንዷን ቃል መቀበል የለብሽም፣ ሁሉን መርምሩ መልካሙን ያዙ ተብለናል።

እኔን ወደዚህ መንገድ የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ፍሎረንስ ውስጥ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ በሚባል ገዳም በ14ኛው መቶ ዘመን የተሳለ የግድግዳ ስዕል አለ፣ መንፈስ ቅዱስ ከላይ ይወርዳል፣ ከሥሩ ነቢያትና ወንጌላውያን ተቀምጠዋል፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰዋስው፣ ሂሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃ በሴቶች ተመስለው ከታላላቅ አዋቂዎቻቸው ጋር ተደርድረዋል። ሻርሎት ሜሰን ይሄን ስዕል ለወላጆች ትጠቅስ ነበር፣ የልጁ አስተማሪ በመጽሐፍ ቅዱስ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በሂሳቡም ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ነው ለማለት። እኔ ይሄ ከገባኝ ወዲህ ሂሳብ ላይ ልጄን መጮህ አቆምኩ፣ የማን ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ስላወቅኩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ አንብበሽ ስትጨርሺ «ስለዚህ እኛም...» ብለሽ ስብከት አትጨምሪበት። ቃሉን ራሱን አንብቢ፣ ይተርክ፣ ተዪው። እኛ ሰንበት ትምህርት ላይ ይሄንን ለማቆም ብዙ ታግለናል።

መልስ፦ የመንታ እናት

እህቴ የ2 ዓመቱን አትርሺው ብዬ ነው። በዚህ መንገድ ልጅ 6 ዓመት ሳይሞላው መደበኛ ትምህርት የለም፣ የእሱ ትምህርት ደጅ መዋል ነው። ትልልቆቹ ጠዋት የሁለት ሰዓት ተኩል ትምህርት ከበቃቸው ከሰዓት ሁላችሁም ውጡ። የእኔ መንታዎች ባለፈው አንዲት ጉንዳን የሞተ ዝንብ ስትጎትት አይተው ስንጥቅ ጋ ስትደርስ ዞራ በኋላዋ እየሄደች መሳብ ስትጀምር በሆዳቸው ተኝተው ተከተሏት፣ ማታ ለአባታቸው በሽሚያ ነገሩት፣ ናሬሽን እኮ ነው ያም። በማግስቱ የተፈጥሮ ደብተራቸው ላይ ሳሏት፣ ስድስት እግር መሆኑን ሄደው ቆጥረው።

የሦስት ልጆች እናት (ከ10 ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። አንብቤ 6 እና 7 ደቂቃ ላይ ማቆም ጀመርኩ፣ እህቱን አባቷ ጋ እልካታለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት አሁንም «አላስታውስም» ነበር፣ እሺ ብዬ ዘጋሁት፣ አልጠየቅኩም። ትናንት ከዮናስ ቅሉ የደረቀበትን ቦታ ብቻ አነበብኩ። ወለሉ ላይ ተኝቶ ጣራ ጣራ እያየ «ቅሉ በአንድ ሌሊት አደገ፣ ትል በላው፣ ፀሐይ አቃጠለው፣ ዮናስም ልሙት አለ። ለቅሉ አዘነ ለሰዎቹ ግን አላዘነም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ትሉንም እግዚአብሔር ነው የላከው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልሰብክ አፌን ከፍቼ ነበር፣ የእናንተ ነገር ትዝ ብሎኝ «አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚለው» ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ለአባቱ ራሱ ሄዶ ነገረው፣ ባለቤቴም የተርሙን ፈተና እኔ ነኝ የምፈትነው ብሏል።