50 ኪሎ ሜትር በዘና ያለ ልምምድ ያስኬዳል?

ቀስ በቀስ፦
ሰላም ጓዶች። 50 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተመዝግቤያለሁ፣ 4 ወር ቀርቶኛል። የምሮጠው በሳምንት 3 ቀን ነው፣ ከዚያ በላይ ጊዜም ፍላጎትም የለኝም። ማራቶን አንዴ ጨርሻለሁ፣ እሱም መጨረሻው ላይ እየተጎተትኩ። ሰዓት አላሳድድም። የጊዜ ገደቡ ሳያልፍብኝ ከገባሁ ይበቃኛል። ሞኝነት ነው እንዴ?

እግረኛው፦
ኧረ ምን ሞኝነት አለው! ከማራቶን የሚበልጠው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብቻ ከሦስቱ ቀን አንዷ ረጅም ትሁን፣ ቀስ እያልክ እስከ 30 ምናምን አድርሳት። መራመድም ተለማመድ፣ የምሬን ነው። እኔ የመጀመሪያዬ ላይ መራመድ አፍሬ ዳገቱን ሁሉ ስሮጥ 35ኛው ላይ ባቴ ተሸማቀቀና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ሳሽ፣ አንድ ሽማግሌ በእርምጃ «አይዞህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፣ ቀድመውኝ ገቡ።

ጨው አይጠፋም፦
ዘና ማለት ሌላ፣ መዘናጋት ሌላ። ሆድህንም አሰልጥነው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ የተለመደ ነው፣ ግን በረጅሙ ልምምድ ላይ ያልሞከርከውን ነገር የውድድር ቀን እንዳትበላ። ውሃም በላይ በላዩ አትጋት፣ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርድና አደጋ ነው። ሲጠማህ ጠጣ።

ቀስ በቀስ፦
ተባረኩ። ቫዝሊን የት የት ነው የሚቀባው?

እግረኛው፦
የሚፋተግ ቦታ ሁሉ። ጭንህን ከረሳህ ማታ ሻወር ስትገባ ታስታውሰኛለህ 😂