ኒውትራል ሽቦ በሌለው ሳጥን ላይ የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያ ስለመግጠም

አዲስ አበባ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ መብራቶቹን በስልክ ለመቆጣጠር የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያዎችን ለማስገጠም ሳጥኖቹ ሲከፈቱ፣ በውስጣቸው የተገኙት ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ናቸው፤ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) በቀጥታ ወደ ኮርኒሱ ተወስዷል። በከተማችን ብዙ ቤቶች በዚሁ መንገድ የተዘረጉ ስለሚመስለኝ፣ ችግሩ የገጠማችሁ እንደማትጠፉ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያለ ኒውትራል የሚሠራውን ዓይነት አስገጥሜ ነበር። ይህ ዓይነቱ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ለራሱ የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያገኘው በአምፖሉ በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ስለሆነ፣ የመኝታ ክፍሉ ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ይላል። አብሮት የመጣው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ከአምፖሉ ጋር በትይዩ ሲገጠም ብልጭታው ቢቀንስም ፈጽሞ አልቆመም። ብዙ አምፖሎች ያሉት ሳሎን ግን ምንም ችግር የለበትም።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው ከአጠገቡ ካለው ሶኬት ኒውትራል እንድንስብ ሐሳብ አቅርቧል። ሆኖም የሶኬቱና የመብራቱ መስመሮች በተለያዩ ብሬከሮች የተከፈሉ በመሆናቸው፣ አንዱ ብሬከር ወርዶ እንኳ በኒውትራሉ ላይ ከሌላው መስመር ኤሌክትሪክ ሊኖር ስለሚችል፣ ሐሳቡን ለመቀበል ተቸግሬአለሁ።

ፌዙም ኒውትራሉም በሚገኙበት ኮርኒስ ውስጥ አነስተኛ የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) መቆጣጠሪያ አስገጥማችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ የግድግዳውን ማብሪያ እንዴት እንዳገናኛችሁትና ከኮንክሪቱ በላይ የዋይፋይ ሲግናሉ በበቂ ሁኔታ ይደርስ እንደሆነ ብትገልጹልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።