ለጥምቀት ማስታወቂያ፦ ቪዲዮው በራሱ ይጫወት ወይስ ሲነካ?

አወያይ፦ እንዴት ዋላችሁ ጎንደሮች! ጥምቀት ደርሷል፤ የሆቴልና የጉብኝት ማስታወቂያ በየድረ ገጹ ሊወጣ ነው። ቪዲዮው በስክሪፕት (ገጹ ውስጥ በሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ባነሩ፣ ማለትም የማስታወቂያው ሣጥን፣ ውስጥ ይገባል። ገጹ እንደተከፈተ በራሱ ይጀምር ወይስ አንባቢው ሲነካው?

ባለሆቴሉ፦ በራሱ ነዋ! ፎቶማ ሁሉም አለው። ጥር 11 ጠዋት፣ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት፣ ውኃው ሲረጭ፣ ወጣቱ በልብሱ ዘሎ ሲገባ... ይህን ያየ ሰው አልጋ ሳይዝ ያድራል? ንካ ብትለው ግን አይነካም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ዋይፋይ ላይ ነዎት። እኔ ማራኪ ግቢ ቁጭ ብዬ የቀን ጥቅል ነው የምገዛው። ዜና ላንብብ ብዬ ስከፍት ቪዲዮዎ ሜጋዬን ከበላብኝ የሆቴሉን ስም መስማት ያስጠላኛል።

ፕሮግራመሩ፦ ድምፅ ያለውን ከሆነ እርሱት። ክሮም (የጉግል ብሮውዘር፣ ድረ ገጽ መክፈቻው) ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሰው ገጹን ካልነካ፣ ድምፅ ያለው ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ያግዳል። ድምፁ ከተዘጋ ያልፋል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ማንም ያልነካው ማስታወቂያ 4 ሜጋባይት ካለፈ ከገጹ ያነሳዋል። ጋሼ የከፈሉበት ቦታ ላይ «ማስታወቂያው ተነሥቷል» የሚል ጽሑፍ ይቀርልዎታል 😂

ባለሆቴሉ፦ 4 ሜጋ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?

ፕሮግራመሩ፦ የምን ደቂቃ! በሴኮንድ 1 ሜጋቢት (የሜጋባይት አንድ ስምንተኛ) የሚፈጅ ቪዲዮ በ32 ሴኮንድ ይሞላዋል። ስክሪፕቱም አብሮ ይቆጠራል።

ዲዛይነሯ፦ ድምፅ የሌለው 6 ሴኮንድ ቢሆንስ? ያን ያህል አይከብድም።

ተማሪዋ፦ አንዱ አይከብድም። አንድ ገጽ ላይ ስንት ባነር ይደረደራል?

ፕሮግራመሩ፦ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ፎቶና የማጫወቻ ምልክት ብቻ። ስክሪፕቱ የዩትዩብን ማጫወቻ የሚጠራው ሲነካ ነው። ማጫወቻው ራሱ ቪዲዮው ሳይጀምር ዳታ ይበላል፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ደግሞ ያቺ ከላይ የምትለጠፈው 728 በ90 ባነር አትሆንም፤ ዩትዩብ ከ200 በ200 ፒክስል ያነሰ ማጫወቻ አይፈቅድም። 300 በ250 ያዙ።

ባለሆቴሉ፦ ተመልካቹ ያንሳላ!

ፕሮግራመሩ፦ ያንሳል። ግን የነካው ፈልጎ ነው የነካው።

ባለሆቴሉ፦ እሺ፣ ለአገር ቤት ሲነካ፣ ለዲያስፖራው በራሱ ይሁን። እነሱ ዳታ አይቸግራቸውም።

ፕሮግራመሩ፦ አገሩን መለየት ይቻላል። ዋይፋይ ላይ ይሁን ዳታ ላይ ግን ስክሪፕቱ በሁሉም ብሮውዘር አያውቅም፤ አይፎን ላይ ሳፋሪ አይነግረውም።

ተማሪዋ፦ ዱባይ ያለችው እህቴም ካርድ ሞልታ ነው የምትጠቀመው፣ ጋሼ።