የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ የኮምፒውተር መግቢያ ኮርስ ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች

ሰብሳቢ፦
ባልደረቦች፣ ሰላም ለሁላችሁ። ለኮሌጆቹ የምናቀርበው ሐሳብ ቀኑ እየደረሰ ነው። እስካሁን የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮርሱ ያስፈልጋል። ምን ይማሩ? ማን ይውሰደው? ማን ነፃ ይሁን? እዚህ ላይ ገና ነን። ሐሳባችሁን ጻፉ፣ እኔ እየሰበሰብኩ አረቅቃለሁ።

የኮምፒውተር መምህር፦
እኔ ከፋይል ልጀምር። አሁን የሚመጡት ልጆች ስልክ ላይ ጉድ ናቸው። ቪዲዮ ይቆርጣሉ፣ ሙዚቃ ያስገባሉ፣ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። «ያወረድከው ፋይል የት ገባ?» ሲባሉ ግን ዝም። አይፈረድባቸውም። ስልክ ፎልደርን ደብቆ ነው ያሳደጋቸው። ፎቶው ፎቶ ማያው ውስጥ፣ ሰነዱ አፑ ውስጥ ይገኛል፣ በቃ። ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ የቤት ሥራው ሦስት ቦታ ይቀመጣል። ያረሙት አንዱን፣ የሚያስገቡት ሌላውን ይሆናል። ዚፕ ፋይሉን (ታሽጎ የመጣውን) ሳይፈቱ ውስጡ ገብተው ይሠሩና «ሥራዬ ጠፋ» ይላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የፋይል ስም፣ ፎልደር፣ ኮፒ፣ ማሽኑ ላይ ያለውና ክላውድ ላይ (ኢንተርኔት ላይ) ያለው ልዩነት ይቅደም። ዎርድ ላይ ፊደል ማድመቅ አይጠፋቸውም፣ ይደርሳል።

የሂሳብ አያያዝ መምህርት፦
እስማማለሁ። ግን የኮርሱ ግማሽ እንደ ኤክሴል ያለ የስሌት ሠንጠረዥ ካልሆነ እኔ አልፈርምም። ለምን? እ.ኤ.አ. በ2010 ኢኮኖሚስቶቹ ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ የመንግሥት ዕዳ ሲበዛ የኢኮኖሚ ዕድገት ይቀንሳል የሚል ጽሑፍ አወጡ። ብዙ ፖለቲከኞች ጠቀሱት። በ2013 አንድ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሌቱን ለክፍል ሥራ ሊደግመው ሲሞክር አልመጣለትም። ኤክሴሉን ሲያዩት የአማካዩ ፎርሙላ አምስት አገሮችን ሳይነካ ቆሟል። የውጤቱ ልዩነት ሁሉ ከዚያ የመጣ አይደለም፣ ሌሎች ክርክሮችም ነበሩበት። ቢሆንም ፎርሙላው የት ድረስ እንደሚደምር ማየት የመግቢያ ኮርስ ትምህርት ነው። የእኔ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ እንዲሁ ያደርጋሉ። አዲስ ረድፍ ከታች ይጨምራሉ፣ ድምሩ አይነቃነቅም፣ እነሱም አያዩትም።

የኮምፒውተር መምህር፦
ይህን ካነሱ እኔም አንድ ልጨምር። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጋ የኮቪድ ውጤት ከሪፖርት ቀረ። መረጃው የገባው በድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። አዲሱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይይዛል። ፋይል እና ሠንጠረዥ ተለያይተው መሰጠት የለባቸውም ማለት ነው። ግማሽ ግማሽ ብለን ከምንካፈል አብረን እንሥራው።

የተማሪዎች አማካሪ፦
ጥሩ፣ ግን «ሁሉም ይውሰድ» የሚለው አያስኬደኝም። ተማሪው ለክሬዲቱ ይከፍላል። ቢሮ ውስጥ ዓመታት የሠሩ፣ ሠንጠረዥ ሲያገላብጡ የኖሩ እናቶችና አባቶች ይመዘገባሉ። እነሱን «ማውስ ማለት ይህ ነው» እያልን ልናስቀምጣቸው ነው? መመዘኛ ፈተና ይኑር።

የኮምፒውተር መምህር፦
ይኑር፣ ግን በመጠይቅ አይሁን። «ኮምፒውተር ትችላለህ?» ሲባል አልችልም የሚል የለም። በእጁ ይሥራ። ሠንጠረዥ ያውርድ፣ ስሙን ይቀይር፣ በተባለው ፎልደር ያስቀምጥ፣ በቀን ይደርድር፣ ይደምር፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ርዕስ ካለው ኢሜይል ጋር አያይዞ ይላክ። ይህን ግማሽ ሰዓት ውስጥ የጨረሰ ነፃ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
እኔ ቀኑን ሙሉ ላብ ውስጥ ስለምውል አንድ ነገር ልበል። ማውስ ይዘው የማያውቁም አሉ፣ በዕድሜም ገፋ ያሉ። ከፈጣኖቹ ጋር ሲቀመጡ ያፍራሉ፣ ሁለተኛ ቀን አይመጡም። ቤታቸው ኮምፒውተር የሌላቸው ደግሞ የቤት ሥራ በስልክ ይጽፋሉ። ስለዚህ ረዳት ያለበት የላብ ሰዓት የኮርሱ አካል ይሁን፣ በፈቃደኝነት የሚመጡበት አይሁን። ማታ የሚማሩትም አይረሱ።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ የይለፍ ቃል በየወሩ መቀየርስ ይካተት? ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
በየወሩ መቀየሩን እንተወው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው ያለ ምክንያት አታስቀይሩ ብሏል። ሰው ሲገደድ መጨረሻው ላይ ቁጥር እየጨመረ ነው የሚያልፈው። ረጅም ይሁን፣ ለየአካውንቱ የተለየ ይሁን፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይብራ። ስለ አስተውሎቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የሚሰጠውን ሠንጠረዥ ማረም የሚችሉት መጀመሪያ ድምር ሲያውቁ ነው።

የሂሳብ አያያዝ መምህርት፦
ሶፍትዌሩስ? ቀጣሪ የሚጠይቀው ኤክሴል ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ልክ ነዎት። ግን ፈቃድ መግዛት የሚከብዳቸው ኮሌጆች አሉ። ሊብሬ ኦፊስ በነፃ ይገኛል፣ የመደመሪያው ፎርሙላም ያው ነው። ዓላማው ላይ የሶፍትዌር ስም አንጻፍ። ፈቃድ ያለው በኤክሴል ያስተምር።

ሰብሳቢ፦
እስካሁን የደረስንበት ይህ ነው። «ተማሪው ፋይሎቹን በስም እና በፎልደር ያደራጃል፤ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ ስለ ፎርሙላ አጠቃቀም ይረዳል፤ አካውንቱን ይጠብቃል። በተግባር ፈተና ያለፈ ከኮርሱ ነፃ ነው። ረዳት ያለበት የላብ ሰዓት፣ የማታውን ጨምሮ፣ የኮርሱ አካል ነው።» የቀረ አለ?

የሂሳብ አያያዝ መምህርት፦
«ይረዳል» የሚለው ይውጣልኝ። መረዳቱን በምን ላርመው? «በሌላ ሰው ሠንጠረዥ ውስጥ የተሳሳተ ፎርሙላ ፈልጎ ያገኛል፣ ያስተካክላል» ይባል።

ሰብሳቢ፦
ተቀይሯል። እርስዎ ስህተት ያለበትን ሠንጠረዥ ያዘጋጁልን። መምህር፣ እርስዎ የመመዘኛውን ፈተና። ሁለቱን ላብ ውስጥ እንሞክራቸውና ከረቂቁ ጋር አያይዘን እንልካለን።