ሌሊት ትንፋሽ ላጠረው ሰው የት ነው የሚደወለው? 907፣ 939 ወይስ 8335? (በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ በኮሮና ጊዜ የተደረገ ውይይት)

የግንፍሌ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ያለ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ዘጠኝ ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ርቀታችሁን ጠብቁ ሲሉን እንስቃለን።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን አስማቸው ተነሳባቸው። ድሮ ቢሆን ግቢው በሙሉ ነጠላውን ደርቦ ይወጣ ነበር። አሁን በሩ ሁሉ ገርበብ ይልና ጭንቅላት ብቻ ብቅ ይላል። ኮሮና ቢሆንስ ብሎ ማንም ሊነካቸው አልደፈረም፣ እኔም አልደፈርኩም፣ ምን እዋሻለሁ። አንዱ ልጅማ ለደግ ብሎ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ መጣና ክፍላቸውን ረጨው። ከዚያ በኋላ እማማ ጭራሽ መናገር አቃታቸው።

አምቡላንስ ደወልኩ። የት እንደደወልኩ አልናገርም፣ ግማሹ ጥፋት የኔ ስለሆነ። "ከሱቁ ጎን ባለው ቅያስ ግቡ" አልኳቸው። ስንት ሱቅ አለ እዚህ መንገድ ላይ? መኪናው መብራቱን እያብለጨለጨ በዋናው መንገድ ሽው ብሎ ሲያልፍ ከግቢው ሆኜ አየሁት። መልሼ ስደውል መስመሩ ተይዟል። በመጨረሻ ባለላዳ ጎረቤት ቀስቅሰን፣ እማማን በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን፣ በዚያ ዝናብና ጭቃ አወጣናቸው። ደህና ናቸው አሁን፣ ቤታቸው ገብተዋል።

ጥያቄዬ፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ትክክለኛው ቁጥር የቱ ነው? ኮሮና ይሁን አይሁን ሳናውቅስ እንዴት ነው ሰው የምናነሳው? ነገ ሌላ ሰው ቢታመም እንደገና በር ገርበብ አድርገን ልናይ ነው?

ሲስተሯ
ወንድሜ፣ እማማን እንኳን እግዜር ማራቸው። አምቡላንስ ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። 8335 እና 952 ስለ ኮሮና ለመጠየቅና ለመጠቆም ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ከሆነ ግን አትዙር፣ ቀይ መስቀል 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ደውል። አንዱ ቢያዝብህ ሌላኛውን፣ ሁለት ሰው በሁለት ስልክ።

ስትደውል የሰፈር ወሬ አትጀምር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ "መተንፈስ አቅቷቸዋል፣ የአስም ታማሚ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ይህን ያህል ነው" ይሁን። ትኩሳትና ሳል ካለ ደግሞ አትደብቅ። ሰው ኮሮና ነው ብንል አይመጡም ብሎ ይደብቃል፣ እኛ ግን ካወቅን የመከላከያ ልብስ ለብሰን ነው የምንመጣው፣ ካላወቅን ደጅ ደርሰን ለመልበስ ደቂቃ እናባክናለን። በዚያ ላይ ባልደረቦቻችን ይያዛሉ፣ አንድ ቡድን ቤት ገባ ማለት አንድ መኪና ቆመ ማለት ነው።

አድራሻው ላይ ልክ ነህ። ለኛ ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ ቢጫ በር ምንም አይነግረንም። ሹፌሩ የሚያውቀው ድልድይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ የታክሲ ፌርማታ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ዋናው መንገድ ላይ ይቁም። እስክንደርስ ይቁም እንጂ "መጡ ወይ" እያለ ወደ ግቢ አይመላለስ! መኪናው ባዶ መንገድ ላይ ቅያስ ሲፈልግ የሚያጠፋውን ጊዜ ብታዩት ታለቅሳላችሁ።

እማማን አታስተኟቸው። ይቀመጡ፣ ወደፊት ትንሽ ይደገፉ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሐኪም የሰጣቸው የሚነፋ መድኃኒት ካለ ይውሰዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ አምቡላንስ ቆየ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ላዳውን ቀስቅሱ። የካቲት 12ም ምኒልክም ሩቅ አይደሉባችሁም።

እንድትነኳቸው ደግሞ ጀግና መሆን አያስፈልግም። ለታማሚዋ ማስክ (ትንፋሽ ካላፈናቸው)፣ ለተሸካሚዎቹ ማስክ፣ ሁለት ሰው ብቻ፣ የመኪናው መስኮት ክፍት፣ ስትመለሱ እጅ በሳሙና። በቃ።

በረኪናውን ስሰማ ግን ፀጉሬ ቆመ። አስም ላለበት ሰው እሱ መርዝ ነው። በረኪና ሰውና አየር ላይ አይረጭም። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንዱን ኩባያ በዘጠኝ ኩባያ ውሃ ቀጥናችሁ፣ ታማሚዋ ከወጡ በኋላ፣ በጨርቅ የበር እጀታና የሽንት ቤት መክፈቻ ጥረጉበት።

ባለላዳ
ሲስተር ያልሽው ሁሉ ልክ ነው ግን እኛንም አስቢን። በግማሽ ጫኑ ተባልን፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፣ ሕዝቡ እኛን ይሰድባል። ሌሊት ተቀስቅሼ ታማሚ አድርሼ ስመለስ ሚስቴ በሩን አልከፍትም ብላኝ መኪና ውስጥ አድሬ አውቃለሁ። ጠዋት ደግሞ ወሬው ሰፈር ሞልቶ ማንም አልሳፈር አለ። ሂሳብ አልጠየቅኩም፣ ቢያንስ ወሬውን ተዉት። እና ግቢው ማስክና ሳኒታይዘር ያስቀምጥ፣ ያኔ ማንም ሹፌር እምቢ አይልም።

የእድር ጸሐፊ
ልጄ፣ በእናንተ አቅራቢያ ያለ እድር ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ከተባለ ወዲህ ድንኳናችንም ወንበራችንም መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ አቧራ ጠጥቷል። መዋጮው ግን ይሰበሰባል። ሰው ሲሞት ለመቅበር የምንሽቀዳደም ሰዎች፣ ሰው ሳይሞት ምን እናድርግ ብለን አንድ ቀን አልመከርንም። የኔ እናት ከእናቷ የሰማችውን ስለ ኅዳር በሽታ ትነግረን ነበር፣ በ1911 ዓ.ም. ቀባሪ ጠፍቶ ነበር ትል ነበር። ይኸው እስካሁን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እናጥናለን። (ጭሱ ለእማማ አስም ምን እንደሚሆን እንጃ!)

ቃሬዛ አለን። ጠንካራ ነው፣ አራት ሰው ይሸከመዋል፣ ለጠባብ ቅያስ ከፕላስቲክ ወንበር ይሻላል። ችግሩ፣ በስብሰባ ባነሳው "ሰው ሳይሞት በቃሬዛ፣ ሟርት!" ብለው እንደሚጮኹብኝ አውቃለሁ።

ሲስተሯ
ጋሼ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ግን ትንፋሽ ላጠረው ሰው ወንበሩ ይሻላል፣ ተቀምጦ ነው መሄድ ያለበት። ቃሬዛው እግሩ ለተሰበረ፣ ራሱን ለሳተ ይሁን።

የግንፍሌ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ግቢ ውስጥ ተራርቀን ቆመን (በእውነት ተራርቀን፣ ዝናቡም ረድቶናል) ተነጋገርን። ቁጥሮቹን በማርከር ጽፈን ከቧንቧው በላይ ለጠፍን። ከድልድዩ ጀምሮ ያለውን አቅጣጫ ከሥሩ ጻፍነው፣ ደንግጦ የሚደውል ሰው እንዲያነበው። ባትሪ ይዞ መንገድ ላይ የሚቆመው በረኪና የረጨው ልጅ ነው፣ ራሱ ነው የጠየቀው። ባለላዳችንን ይቅርታ ጠይቀን ማስክና ሳኒታይዘር በካርቶን አስቀምጠናል።

የቃሬዛውን ነገር ሳነሳ ግማሹ ሰው አማተበ። እማማ ግን ከደጃቸው ሆነው ሰምተው፣ "አምጡት ባካችሁ፣ በቁሜ ልለካው" አሉ።