ባር ግራፍን በጽሑፍ መግለጽ፦ የ7ኛ ክፍል የቤት ስራ ላይ እርዱን

እህት ከኮምቦልቻ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 7ኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብ ላይ ባር ግራፍ ደርሰዋል። መሳሉ አልከበደውም፤ «በጽሑፍ ግለጽ» ሲባል ግን ይጨንቀዋል። ለልምምድ የተሰጠው ግራፍ በቃሉ ወረዳ ያሉ አንድ ገበሬ አምናና ዘንድሮ ያገኙትን ምርት በኩንታል ያሳያል። ማሽላ አምና 12፣ ዘንድሮ 18፤ ጤፍ 8 እና 6፤ ሽምብራ 5 እና 5፤ ማሾ 2 እና 4። በቋሚው መስመር ላይ አንዱ ካሬ 2 ኩንታል ነው።

እሱ የጻፈው ይህ ነው፦ «የማሽላው ባር ረጅም ነው። ምርቱ ከማሽላ ወደ ማሾ እየቀነሰ ሄደ። ሽምብራ 2 ተኩል ነው። ክረምቱ ጥሩ ስለነበር ማሽላ ብዙ ጨመረ።» መምህሩ «አልገለጽከውም፣ እንደገና ጻፍ» ብለው መለሱለት፤ የቱ ጋ እንደሳተ ግን አልነገሩትም። ነገ ጠዋት ያስረክባል። እባካችሁ።

መምህር ከደሴ
እህቴ አብሽሪ፣ ልጁ ቅርብ ነው። ሽምብራው ላይ የሆነውን ልንገርሽ፦ ባሩ ሁለት ካሬ ተኩል ይረዝማል፣ እሱም ካሬውን ቆጠረ። አንዱ ካሬ 2 ኩንታል ስለሆነ መልሱ 5 ነው። ማስመሪያውን በባሩ ጫፍ ላይ አግድም አስተኝቶ በግራ በኩል ቁጥሮቹ እስካሉበት ይዝለቅ። ማስመሪያው በ4 እና በ6 መካከል እኩል ቦታ ላይ ሲያርፍ 5ን ራሱ ያየዋል።

ገና ባሮቹን ሳያይ ግን ርዕሱን፣ በሁለቱ መስመሮች ላይ የተጻፈውን፣ መለኪያውንና የትኛው ቀለም አምና፣ የትኛው ዘንድሮ እንደሆነ ያንብብ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከዚያ ይወጣለታል፦ «ግራፉ የአንድ ገበሬን የአራት ሰብሎች ምርት፣ የአምናውንና የዘንድሮውን፣ በኩንታል ያነጻጽራል።» «ባሩ ረጅም ነው» የሚለው ስለ ስዕሉ ነው። ስለ ምርቱ ሲጽፍ «በሁለቱም ዓመት ከፍተኛው ምርት የማሽላ ነው፤ ዝቅተኛው የማሾ ነው» ይበል።

የከሚሴ ልጅ
መምህር ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው «ከ... ወደ...» እና «በ...» እንዳይምታቱበት ነው። ማሽላ ከ12 ወደ 18 ኩንታል አደገ፤ በ6 ኩንታል ጨመረ፤ በ50 በመቶ ጨመረ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። «ወደ 6 ጨመረ» ካለ ግን ተበላሸ። ጤፍ ከ8 ወደ 6 ወረደ፣ ማለትም በ2 ኩንታል ወይም በሩብ ቀነሰ። ሽምብራ ባለበት ቆመ፤ ያልተለወጠውም ይጻፍ እንጂ አይዘለል።

አሁን ከበድ ያለችው፦ ከሁሉ በላይ የጨመረው የቱ ነው? በኩንታል ካየነው ማሽላ ነው፣ 6 ጨምሯል፤ ማሾ 2 ብቻ። ከአምናው አንጻር ካየነው ግን ማሾ እጥፍ ሆኗል፣ ማሽላ ግማሽ ብቻ ነው የጨመረው። ሁለቱም መልስ ያስኬዳል፤ በኩንታል ይሁን በመቶኛ ሳይናገር «ብዙ ጨመረ» ብሎ ማለፍ ግን አያስኬድም።

ስታትስቲክስ የተማርኩ፣ ከወልዲያ
ማንም ያልነካው ስህተት አለ፦ «ከማሽላ ወደ ማሾ እየቀነሰ ሄደ»። «እየጨመረ»፣ «እየቀነሰ» የምንለው አንድ ነገር በጊዜ ውስጥ ሲለወጥ ነው። ማሽላና ማሾ ጎን ለጎን የቆሙ የተለያዩ ሰብሎች ናቸው። ማሾን ከፊት አምጥተን ብንስለው ግራፉ ያው ነው፣ እሱ ግን «እየጨመረ ሄደ» ሊል ነው። በሰብሎች መካከል «ይበልጣል»፣ «ያንሳል»፣ «እኩል ነው» ይበል። «ጨመረ»፣ «ቀነሰ» ለአምናና ዘንድሮ ይቆይ።

ባር ግራፍ ራሱ የተፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር በ1786 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አትላስ (የግራፎች መጽሐፍ) የእንግሊዝን ንግድ በመስመር ግራፍ ሲስል፣ ለስኮትላንድ ግን የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ነበረው። በጊዜ የሚዘረጋ መስመር መሳል ስላልቻለ ስኮትላንድ ከ17 አገሮች ጋር ያደረገችውን ንግድ በባር ጎን ለጎን አስቀመጠው።

ልጁ ሲስልም ቋሚውን መስመር ከ0 ያስጀምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መስመሩን ከ1,500 ብናስጀምረው የደሴ ባር የኮምቦልቻን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ቁጥሩ ግን አንድ ተኩል እጥፍ እንኳ አይሞላም። ባር በቁመቱ ስለሚነበብ እግሩ ከተቆረጠ አንባቢውን ያሳስታል።

የግብርና ባለሙያ፣ ከቆቦ
«ክረምቱ ጥሩ ስለነበር» ያለውን ግን ማንም አላነሳውም፤ እኔ ይቆይ እላለሁ። ልጁ አስቧል እኮ። በእኛ ቆላ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ በበልግ ዝናብ ሚያዝያ ላይ ይዘራል። በልጉ ሲቀር ገበሬው ማሳውን ለጤፍ፣ ለማሾ ወይም ለሽምብራ ያደርገዋል። እንዲያውም ክረምቱን ብቻ ሳይሆን በልጉንም መጠየቅ ነበረበት።

መምህር ከደሴ
ወንድሜ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ክፍል ውስጥም ብነግራቸው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ግራፉ ላይ ዝናብ የለም። የማሳው ስፋት ይጨምር ዘሩ ይቀየር የምናውቀው ነገር የለም። መጻፍ ከፈለገ መግለጫውን ከጨረሰ በኋላ ለብቻው «ምክንያቱ የበልጉ ዝናብ ሊሆን ይችላል፤ ግራፉ ግን ይህን አያሳይም» ይበል።

የግብርና ባለሙያ፣ ከቆቦ
እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ።

እህት ከኮምቦልቻ (ጠያቂ)
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አብረን አነበብነው፣ ከዚያ ብቻውን ይህን ጻፈ፦

«ግራፉ የአንድ ገበሬን የአራት ሰብሎች ምርት፣ የአምናውንና የዘንድሮውን፣ በኩንታል ያነጻጽራል። በሁለቱም ዓመት ከፍተኛው ምርት የማሽላ፣ ዝቅተኛው የማሾ ነው። ማሽላ ከ12 ወደ 18 ኩንታል አደገ፤ በኩንታል ሲታይ ከሁሉ በላይ የጨመረው እሱ ነው። ማሾ 2 እጥፍ ጨመረ። ጤፍ በ2 ኩንታል ቀነሰ። ሽምብራ አልተለወጠም። ጠቅላላ ምርቱ ከ27 ወደ 33 ኩንታል ከፍ ብሏል።»

ጠቅላላውን ደምሩ ብሎ ማንም አላዘዘውም፣ ከራሱ ነው።

የከሚሴ ልጅ
ማሻአላህ! ድምሩም ልክ ነው። አንዲት ነገር ብቻ፦ «2 እጥፍ ጨመረ» የሚለውን አንዳንዱ በ2ቱ ላይ 4 ተጨምሮ 6 ሆነ ብሎ ሊረዳው ይችላል። «ማሾ ከ2 ወደ 4 ኩንታል አድጎ የአምናው እጥፍ ሆነ» ብሎ ይቀይረውና ያስረክብ።