አጠራጣሪ ጆርናል የተላከ ጽሑፍን ለማስወጣት ገንዘብ ሲጠይቅ

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ከማስተርስ ቴሲስ የወጣ ጽሑፍ ለአንድ ጆርናል ተልኮ በ4ኛው ቀን "ተቀባይነት አግኝቷል" የሚል ደብዳቤ ከ180 ዶላር ኢንቮይስ ጋር መጣ። የገምጋሚ አስተያየት አንድ መስመር እንኳ የለም። አትሙት አንልም፣ ጽሑፉን ከእናንተ አንስተናል ስንል ለማስወጣት 100 ዶላር ክፈሉ አሉን። የቅጂ መብት ፎርሙ አልተፈረመም። ሳንከፍል ለሌላ ጆርናል ብንልከው ሁለት ቦታ እንዳስገባን ይቆጠራል?

መልስ ሰጪ 1
አትክፈሉ። ብትከፍሉም ጽሑፉን ከዝርዝራቸው ለመሰረዛቸው ዋስትና የላችሁም። ፎርሙ አለመፈረሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ስትልኩ "እስማማለሁ" ብላችሁ ምልክት ያደረጋችሁበት ሳጥን ምን ይል እንደነበር ተመልሳችሁ አንብቡ። አንዳንዶቹ የመብት ዝውውሩን እዚያ ነው የሚሸጉጡት።

ከዚያ ዛሬውኑ ለኤዲተሩ ጻፉ። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የማኑስክሪፕቱ ቁጥር ይኑር። ውስጡ ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ጽሑፉን ማንሳታችሁ፣ የቅጂ መብት አለማስተላለፋችሁ፣ እንዲታተም አለመፍቀዳችሁ። "እባካችሁ ፍቀዱልን" አትበሉ፤ ልመና ከሆነ ውሳኔው የእነሱ ይመስላል። 14 ቀን ስጧቸው፣ ሁሉም ደራሲዎች በኮፒ ይግቡ፣ ዝም ካሉ ያንኑ ደብዳቤ ድገሙት።

መልስ ሰጪ 2
ለሌላ ጆርናል መላኩ ነውር የሚሆነው ሲደበቅ ነው። ለአዲሱ ኤዲተር በምትጽፉት መሸኛ ደብዳቤ የተላከበትን ቀን፣ የተነሳበትን ቀንና ያልተመለሰውን ኢሜይል አያይዙ። ካልተናገራችሁ፣ የመጀመሪያው ጆርናል ሰዎች በመሀል ድረ ገጻቸው ላይ ቢለጥፉት የአዲሱ ጆርናል የመመሳሰል ፍተሻ ጽሑፉን ከራሱ ጋር ያጋጥመዋል፤ ያኔ ማብራሪያ የሚሰማ የለም።

ከመላካችሁ በፊት ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ጉግል ስኮላር ላይ፣ ቀጥሎም ክሮስሬፍ (የዲኦአይ መዝጋቢ ድርጅት) ላይ ፈልጉት። ዲኦአይ (የታተመ ጽሑፍ ቋሚ መለያ ቁጥር) ተሰጥቶት ታትሞ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ ጽሑፉን ሳትልኩ መጀመሪያ የአዲሱን ጆርናል ኤዲተር በኢሜይል ጠይቁ።

ቀጣዩን ስትመርጡ የአይኤስኤስኤን ቁጥር አያታልላችሁ። የጆርናሉ መለያ ቁጥር እንጂ የጥራት ምስክር አይደለም። የዶአጅ (DOAJ፣ የነጻ ተደራሽ ጆርናሎች ማውጫ) ወይም የኮፕ (COPE፣ የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ) አርማ ጆርናሉ ገጽ ላይ ስላለም አትመኑ፤ ስሙን ራሳቸው ድርጅቶቹ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ደግሞ ኢትዮጵያ ላሉ ደራሲዎች የማሳተሚያ ክፍያ ይሰርዛሉ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ጽሑፉ ሲላክ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሙም።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአማካሪው ስም ሁለተኛ ደራሲ ሆኖ ገብቷል፤ መላኩን ግን አያውቁም።

መልስ ሰጪ 1
እንግዲያው ከሁሉ በፊት እሳቸውን አናግሩ። ያለ እሳቸው ስምምነት የማንሻ ደብዳቤው ጎዶሎ ነው፤ መጀመሪያውኑ ሳያውቁ መላኩም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ኮሚቴ ለደራሲነት 4 መስፈርት አለው፦ በጥናቱ ሐሳብ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ፤ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። አራቱም ባንድ ላይ መሟላት አለባቸው። በጥቅሉ ማማከር ብቻውን ደራሲ አያደርግም። ሆኖም በመጀመሪያው መስፈርት ድርሻ ካላቸው፣ ቅጂውን እንዲያርሙና እንዲያጸድቁ ዕድል ሳይሰጡ ስማቸውን ማውጣትም አይቻልም። ድርሻ ከሌላቸው ምስጋና ክፍል ውስጥ፣ እሱም አስፈቅዳችሁ።

ስማቸው ከቀጠለ ለአዲሱ ጆርናል የሚጠቀሙበትን ትክክለኛ ኢሜይል ስጡ። ብዙ ጆርናሎች ለእያንዳንዱ ደራሲ የማረጋገጫ መልእክት ይልካሉ።